ከፕሌት ላይ የምትጠፋው ነጥብ ዕዳዋ የማን ነው?

በህትመት ገበያ ውስጥ በየጊዜው የሚነሳ አንድ ጭቅጭቅ አለ። ደንበኛ ብሮሹር፣ ካላንደር ወይም የምስክር ወረቀት ያሳትማል። በኮምፒዩተር ላይ አይቶ ያጸደቀው ናሙና ከጽሑፉ ሥር ደስ የሚል ፈዛዛ ሰማያዊ ወይም ክሬም መሳይ መደብ አለው። ሥራው ታትሞ፣ ተቆርጦና ታሽጎ ሲመጣ ግን መደቡ የለም፤ ወረቀቱ ባዶ ነጭ ነው። ወይም ደግሞ ከላይ ወደ ታች ቀስ በቀስ እየሳሳ መጥፋት የነበረበት ቀለም መሀል ላይ በቢላ የተቆረጠ መስሎ ያልቃል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። ደንበኛው ቀሪውን ክፍያ ይይዛል። ሥራውን ያመጣው ደላላ ከሁለት ወገን ይወቀሳል። ማተሚያ ቤቱ ዲዛይነሩን፣ ዲዛይነሩ የማሽን ሠራተኛውን፣ የማሽን ሠራተኛው ደግሞ ወረቀቱን ይከሳል። ወረቀቱ አንዴ ከታተመ ተመልሶ ነጭ አይሆንምና ኪሳራውን አንዱ ወገን መሸከሙ አይቀርም።

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከማተሚያ ማሽኑ አጠገብ ሳይሆን ከዚያ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ፣ ፕሌት በሚዘጋጅበት ክፍል ውስጥ ነው። ከሁሉም በላይ ለነጋዴው ሊጠቅም የሚችለው ነገር፣ ችግሩ አንድም ወረቀት ሳይበላ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊጣራ የሚችል መሆኑ ነው። እንዴት እንደሆነ ከዚህ በታች እንመለከታለን።

ማሽኑ ፈዛዛ ቀለም አያውቅም

የኦፍሴት ማሽን ቀለም ማቅጠን አይችልም። በአንድ ቦታ ላይ ቀለም ያስቀምጣል ወይም አያስቀምጥም፤ ሦስተኛ ምርጫ የለውም። በጀርመን አገር በባቫሪያ አሎይስ ዜኔፌልደር እ.ኤ.አ. በ1796 የደረሰበት የሊቶግራፊ መርህ ዛሬም አልተለወጠም፤ ቅባትና ውሃ አይዋሃዱም። በአሉሚኒየሙ ፕሌት ላይ ምስል ያለበት ክፍል ቅባታማውን ቀለም ይቀበላል። ባዶው ክፍል ደግሞ ውሃ ይይዝና ቀለሙን ይመልሳል።

ታዲያ ፈዛዛ ቀለም ከየት ይመጣል? ዓይንን በማታለል ነው። ሙሉው ሰማያዊ ቀለም በጣም ጥቃቅን ነጥቦች ሆኖ ይበተንና በነጥቦቹ መካከል ያለው የወረቀቱ ንጣት ከቀለሙ ጋር ተቀላቅሎ ይታያል። ነጥቦቹ ከቦታው ግማሹን ከሸፈኑ 50 በመቶ፣ ከመቶ ሦስት እጁን ብቻ ከሸፈኑ 3 በመቶ ይባላል። በማተሚያ ቤት ቋንቋ «ቲንት» የሚባለው ይኸው በነጥብ የተሠራ የቀለም መደብ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከ5 በመቶ በታች ያለው፣ ለነጩ የቀረበው ክፍል ነው።

የነጥቦቹን መጠን በቁጥር ስናየው ችግሩ ግልጽ ይሆናል። በጥሩ ወረቀት ላይ በሚሠራ ተራ የንግድ ህትመት በአንድ ኢንች 150 የነጥብ መስመር ይደረደራል እንበል። በዚህ ስሌት የ5 በመቶ ነጥብ ስፋቷ 43 ማይክሮን ገደማ ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የ3 በመቶዋ 33፣ የ2 በመቶዋ 27፣ የ1 በመቶዋ ደግሞ 19 ማይክሮን ገደማ ትሆናለች። የሰው ጠጉር ውፍረት ብዙውን ጊዜ 70 ማይክሮን አካባቢ መሆኑን ስናስብ፣ የ1 በመቶዋ ነጥብ የጠጉርን ውፍረት ሲሶ እንኳ አትሞላም። መስመሩ ወደ 175 ሲደርስ ደግሞ ወደ 16 ማይክሮን ትወርዳለች። ስለዚህ «ህትመቱ እንዲጠራ በ175 አድርጉልን» የሚል ደንበኛ ሳያውቀው ፈዛዛውን ቀለም ለአደጋ እያጋለጠው ነው።

ፕሌቱን በሌዘር የሚጽፈው መሣሪያ በኢንች 2,400 ምት የሚመታ ከሆነ የአንዱ ምት ስፋት 10.6 ማይክሮን ነው። በ150 መስመር እያንዳንዷ ነጥብ የምትሠራበት ቤት 16 በ16፣ ማለትም 256 ምት ይይዛል። 50 በመቶ ነጥብ በ128 ምት ትሠራለች። 1 በመቶ ነጥብ ግን የምትሠራው በ2 ወይም በ3 ምት ብቻ ነው። ከ128ቱ ምት አንዱ ቢጎድል ማንም አያውቅም። ከ3ቱ አንዱ ሲጎድል ግን ከቀለሙ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። በፈዛዛው ቀለም ላይ ትንሽ ስህተት ትልቅ ሆና የምትታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት ተቃራኒ ሕመሞች

ከፈዛዛ ቀለም ጋር የተያያዙ ሁለት ሕመሞች አሉ። መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው መኖር ያለበት ነጥብ መጥፋቱ ነው። የመደቡ ቀለም ባዶ ይሆናል። የፊት ፎቶግራፍ ላይ ግንባርና ጉንጭ ነጭ ጠባሳ ያወጣሉ። የሙሽራ ነጭ ቀሚስ ጥልፉና እጥፋቱ ይጠፋና እንደ ተለጠፈ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። እየሳሳ የሚሄደው ቀለምም ድንገት ይቆረጣል።

ሁለተኛው መኖር የሌለበት ነጥብ መምጣቱ ነው። ለካታሎግ ፎቶግራፍ የተነሳ ዕቃ ከኋላው ያለው ነጭ መደብ ለዓይን ፍጹም ነጭ ይመስላል። በኮምፒዩተር መለኪያ ሲታይ ግን 1 በመቶ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ይኖረዋል። ፕሌቱ ይህንን በታማኝነት ከያዘው ዕቃው ዙሪያ አራት ማዕዘን የቆሸሸ ጥላ ይወጣል። ደንበኛው «ወረቀቱ ቆሽሿል» ይላል። እውነቱ ግን ፋይሉ አለመጽዳቱ ነው።

እንግዲህ ጥሩ ፕሌት ማለት ሁሉንም ነጥብ የሚይዝ ማለት ብቻ አይደለም። ዜሮ የሆነው ዜሮ ሆኖ እንዲቀር፣ ከዜሮ በላይ የሆነው ደግሞ በማሽኑ ላይ ሊቆም በሚችል መጠን እንዲታይ የተወሰነበት ፕሌት ነው። «ምናልባት ይወጣል፣ ምናልባት አይወጣም» የሚባል ነጥብ በፕሌት ላይ መኖር የለበትም። በአንድ ሺህ ቅጂ ውስጥ ግማሹ ላይ ታይቶ ግማሹ ላይ የሚጠፋው ይኸው ያልተወሰነበት ነጥብ ነውና።

በፊልም ሲሠራ

ፕሌትን በፊልም የሚያዘጋጅ ማተሚያ ቤት ሥራው በብርሃንና በኬሚካል ላይ የቆመ ነው። ፖዘቲቭ በሚባለው ፕሌት ላይ ብርሃን የመታው ሽፋን በኬሚካል ታጥቦ ይሄዳል፤ በፊልሙ ጥቁር ነጥብ የተከለለው ይቀራል። ብርሃኑ ከልክ በላይ ሲቆይ በነጥቧ ጠርዝ ሥር ሾልኮ ይገባና ዙሪያዋን ይበላታል። ትልቋ ነጥብ ትንሽ ትከሳለች፤ ትንሿ ግን ጨርሳ ትጠፋለች። ኔጋቲቭ በሚባለው ፕሌት ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ብርሃን ሲበዛ ነጥቧ ትሰፋለች።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት የሚመጣው ከበጎ ሐሳብ ነው። በተለጣጠፉ ፊልሞች ጠርዝና በማጣበቂያው ምክንያት ፕሌቱ ላይ መስመር ይቀራል። ሠራተኛው ያንን በእጁ ማጥፋት ስለሚሰለቸው ብርሃኑን ይጨምራል። መስመሩ ይጠፋል፤ አብሮትም የ2 በመቶው ነጥብ ይጠፋል። ሥራው ንጹህ ይመስላል፤ ያልታየችው ነጥብ ግን ቀርታለች።

ሌላው ነገር ፊልሙና ፕሌቱ ሳይላቀቁ የሚጣበቁበት የቫኪዩም ሳጥን ነው። እዚህ ላይ አዲስ አበባን በቀጥታ የሚመለከት የተፈጥሮ ሕግ አለ። ቫኪዩም የሚሠራው አየር ስቦ በማውጣት ነው፤ ፊልሙን ወደ ፕሌቱ የሚጫነው ግን ከውጭ ያለው የከባቢ አየር ክብደት ነው። በባሕር ወለል ላይ ይህ ግፊት 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን ግፊቱ ከዚያ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የፋብሪካው መመሪያ ላይ የተጻፈው የቫኪዩም ቁጥር ለባሕር ወለል የተሰላ ከሆነ፣ ፓምፑ አዲስ ቢሆንም እዚህ ቁጥሩ ላይ ላይደርስ ይችላል። መፍትሔው ፓምፑን መለወጥ ሳይሆን አየሩ በደንብ ተስቦ እስኪወጣ ረዘም ያለ ጊዜ መስጠት፣ የመስታወቱን ንጽሕናና የላስቲኩን ጠርዝ መጠበቅ ነው። በፊልሙና በፕሌቱ መካከል አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከገባች በዙሪያዋ ያሉትን ፈዛዛ ነጥቦች ሁሉ ታጠፋለች።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግል የታወቀ መለኪያ አለ። ኡግራና ፎግራ የተባሉት የስዊዘርላንድና የጀርመን የህትመት ምርምር ተቋማት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት የፕሌት መቆጣጠሪያ ፊልም ነው። በላዩ ላይ ከ4 እስከ 70 ማይክሮን የሆኑ ቀጫጭን መስመሮችና 0.5፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 5 በመቶ የሆኑ ነጥቦች አሉበት። ከሥራው ጋር አብሮ ፕሌቱ ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ በማጉያ መነጽር ይታያል። የትኛው ነጥብ ቀርቶ የትኛው እንደጠፋ በአንድ አፍታ ይለያል።

በሌዘር ሲሠራ

እ.ኤ.አ. በ1995 በጀርመን ዱሰልዶርፍ በተካሄደው የድሩፓ ዐውደ ርዕይ ላይ ፊልምን የሚያስቀር ከኮምፒዩተር በቀጥታ ወደ ፕሌት የሚጽፍ መሣሪያ በብዛት ለገበያ ቀረበ። ይህም በተለምዶ ሲቲፒ የሚባለው ነው። ፊልም ሲቀር አቧራው፣ ማጣበቂያውና የቫኪዩም ሳጥኑ ጣጣ ቀረ። ሆኖም «ሲቲፒ ገባ፣ ችግሩ አለቀ» ማለት አይደለም። ችግሩ ቦታ ለወጠ እንጂ።

አንደኛ፣ የሌዘሩ ጉልበትና ትኩረት ነው። ሌዘሩ ሲያረጅ ወይም መስተዋቱ ሲቆሽሽ የምቱ ጠርዝ ይደበዝዛል። የ2 እና የ3 ምት ነጥቦች መጀመሪያ የሚጎዱት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ፕሌት ማጠቢያው ነው። የማጠቢያው ኬሚካል ሙቀት ከተወሰነው ሲያልፍ፣ ኬሚካሉ ሲበረታ ወይም ፕሌቱ ውስጡ ሲዘገይ መቅረት ያለበት ነጥብ አብሮ ይታጠባል። ኬሚካሉ ሲደክም ደግሞ መታጠብ ያለበት ሽፋን ይቀርና ባዶው ቦታ ላይ ቀለም ይይዛል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማጠቢያው ወደ ትክክለኛው ሙቀት ሳይደርስ የመጀመሪያውን ፕሌት ማስገባት በብዙ ቦታ የሚደረግ ነገር ነው። ያ ፕሌት ከጠዋቱ ፕሌት ጋር እኩል አይሆንም። ከአራቱ ቀለማት አንዱ ብቻ እንደገና ተሠርቶ ከሦስቱ ጋር ሲገጠም የቀለሙ ሚዛን የሚዛባው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፣ ፕሌቱና መሣሪያው መስማማት አለባቸው። 830 ናኖሜትር በሆነ የሙቀት ሌዘር የሚጻፍ ፕሌትና 405 ናኖሜትር በሆነ ሐምራዊ ሌዘር የሚጻፍ ፕሌት አይለዋወጡም። በአንድ ዓይነት ውስጥ እንኳ የአንዱ ፋብሪካ ፕሌት ከሌላው የተለየ ጉልበትና የማጠቢያ ጊዜ ይፈልጋል። አስመጪው የውጭ ምንዛሪ ባገኘ ጊዜ የተገኘውን ፕሌት ሲያመጣ፣ ማተሚያ ቤቱ መሣሪያውን ለአዲሱ ፕሌት እንደገና ካላስተካከለ ፈዛዛው ቀለም በአንድ ሌሊት ሊለወጥ ይችላል። ዋጋው የረከሰ ፕሌት በፈዛዛ ሥራ ላይ ተወዶ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

የኩርባው ወጥመድ

በሲቲፒ ዘመን ፈዛዛ ቀለምን በጸጥታ የሚያጠፋው አንድ ነገር የማስተካከያ ኩርባ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ቀለም ከፕሌት ወደ ጎማው ብላንኬት፣ ከብላንኬቱም ወደ ወረቀት ሲጨመቅ ነጥቧ ትሰፋለች። በፋይሉ 50 በመቶ የሆነው በወረቀቱ ላይ ወደ 65 ወይም 70 ሊደርስ ይችላል። ሥዕሉ እንዳይጠቁር ሲባል ኮምፒዩተሩ ፕሌቱ ላይ ነጥቦቹን አስቀድሞ ያሳንሳቸዋል።

ይህ ለመካከለኛው ቀለም ትክክል ነው። ታዲያ ኩርባው በግዴለሽነት ከተሠራ ፈዛዛውንም አብሮ ይቀንሰዋል። 3 በመቶውን ወደ 2፣ 2 በመቶውን ወደ 1 ቢያወርደው 1 በመቶዋ ነጥብ ማሽኑ ላይ አትቆምም። ዲዛይነሩ 2 በመቶ ብሎ የሠራው መደብ ማሽኑ ገና ሳይነሳ ሞቷል ማለት ነው። ሁሉም ሠራተኛ ሥራውን በትክክል ሠርቶ፣ ሥራው ግን የሚበላሸው እንዲህ ነው።

ጠንቃቃ ማተሚያ ቤት ሥራውን በሁለት ደረጃ ይከፍለዋል። በመጀመሪያ ፕሌቱን ያለ ምንም ማስተካከያ ጽፎ በፕሌት መለኪያ መሣሪያ ይለካዋል። 2 በመቶ የተላከለት ፕሌት 2 በመቶ መያዙን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ለማተሚያ ማሽኑ የሚያስፈልገውን ኩርባ ይሠራል። ከዚያም በኩርባው ታችኛ ጫፍ ላይ ወለል ያበጃል። ይህም ማለት ዜሮ ዜሮ ሆኖ ይቀራል፤ ከዜሮ የሚበልጥ ግን ማሽኑ ሊያትመው ከሚችለው ትንሹ ነጥብ በታች አይወርድም። ያ ትንሹ ነጥብ ስንት እንደሆነ ከመጽሐፍ አይገኝም። በየማሽኑ፣ በየወረቀቱና በየፕሌቱ ታትሞ ተፈትሾ የሚታወቅ ነው። በተቀባ አንጸባራቂ ወረቀት ላይ 2 በመቶ የሚያትም ማሽን በሻካራ ወረቀት ላይ 4 በመቶ ሊቸግረው ይችላል።

ሌላም መንገድ አለ። የነጥቧን መጠን እያሳነሱ ከመሄድ ይልቅ መጠኗን አንድ ቦታ ላይ አቁሞ ቁጥሯን መቀነስ ነው። ፈዛዛው ክፍል ላይ ነጥቦቹ እንደ ተዘራ ጤፍ ተበታትነው ይቀመጣሉ፤ አንዷም ግን ከሚታተመው መጠን በታች አትሆንም። የአግፋ «ሰብሊማ» እና የጃፓኑ ስክሪን ኩባንያ «ስፔክታ» በዚህ ሐሳብ የተሠሩ ናቸው። ሆኖም ፕሌት አዘገጃጀቱ በራሱ የማይጸና ከሆነ ይህ ዘዴ አያድንም።

ማሽኑም ነጻ አይደለም

ሁሉንም ነገር በፕሌት ላይ መጫንም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ፕሌቱ ላይ ያለች ነጥብ ማሽን ላይ ልትጠፋ ትችላለች። ፕሌቱን ከአየር ለመከላከል የሚቀባው ሙጫ በወፍራሙ ደርቆ ከቀረ ትንንሾቹን ነጥቦች ይሸፍናቸዋል፤ ቀለም አይይዙም። የማርጠቢያው ውሃ አሲድነት ከልክ ሲያልፍ ነጥቦቹን ይበላል። በወረቀት ማሽኖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ፒኤች ከ4.8 እስከ 5.5 ባለው ውስጥ ነው። የሮለሮች ግፊት ሲበዛ ፕሌቱ ይፋቃል፤ ረጅም ሥራ ላይ መጀመሪያ የሚያልቁት ፈዛዛዎቹ ናቸው። በ5,000ኛው ቅጂ የነበረው መደብ በ60,000ኛው ላይ ላይኖር ይችላል።

መለያው ቀላል ነው። ነጥቧ ፕሌቱ ላይ በማጉያ ስትታይ ካለች፣ ወረቀቱ ላይ ግን ከሌለች ጥፋቱ የማሽኑ ክፍል ነው። ፕሌቱ ላይም ከሌለች የፕሌት ክፍሉ ነው። ፋይሉ ላይም ከሌለች የዲዛይነሩ ነው። ከሦስቱ የቱ እንደሆነ ለማወቅ 25 ወይም 50 ጊዜ የሚያጎላ የኪስ ማጉያና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ክርክሩ ሳምንታት የሚፈጀው ግን ማንም ፕሌቱን ስለማያይ፣ ከሥራው በኋላም ፕሌቱ ተሰብስቦ ለአሉሚኒየም ገዢ ስለሚሸጥ ነው።

ነገሩ ከውበት ሲያልፍ

አንዳንዱ «ትንሽ ፈዛዛ ቀለም ቢጠፋ ምን ይሆናል?» ሊል ይችላል። ለማስታወቂያ ወረቀት እውነት ሊሆን ይችላል። ለምስክር ወረቀት፣ ለኩፖን፣ ለመግቢያ ትኬትና ለአክሲዮን ሰርተፍኬት ግን ጉዳዩ ከውበት ያልፋል።

በእነዚህ ወረቀቶች መደብ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ዘዴ አለ። መደቡ በሁለት ዓይነት ነጥብ ይታተማል። አብዛኛው ክፍል በጣም በጥቃቅን ነጥብ፣ በውስጡ የተደበቀው «የማያገለግል» ወይም «ኮፒ» የሚለው ቃል ደግሞ በተለቅ ያለ ነጥብ። ሁለቱም እኩል የቀለም መጠን ስላላቸው ለዓይን አንድ ወጥ ፈዛዛ ቀለም ይመስላሉ። ሰነዱ በኮፒ ማሽን ሲገለበጥ ማሽኑ ጥቃቅኖቹን ነጥቦች ይስታቸውና ተለቆቹን ብቻ ያነሳል፤ የተደበቀው ቃል ይወጣል። አንዳንድ ዘመናዊ ኮፒ ማሽኖች ይህንን ሊያመልጡ ስለሚችሉ ብቸኛ መከላከያ ተደርጎ አይወሰድም። ሆኖም ርካሽና ጠቃሚ አጥር ነው።

አሁን ፕሌቱ ላይ ጥቃቅኖቹ ነጥቦች ከከሱ ምን ይከተላል? ተለቆቹ ብቻቸውን ይቀሩና የተደበቀው ቃል በዋናው ሰነድ ላይ ራሱ ይታያል። ትክክለኛው ሰርተፍኬት «ኮፒ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይወጣል ማለት ነው። ጥቃቅኖቹ ከሰፉ ደግሞ ኮፒ ማሽኑ ሁለቱንም ያነሳቸውና አጥሩ ፈረሰ። ባለአክሲዮኖቹን በወረቀት የሚያስተናግድ ኩባንያ በፕሌት ክፍል ውስጥ በሆነ የጥቂት ማይክሮን ስህተት ሰነዱን በሙሉ ሊያስቃጥል ይገደዳል።

መላው ምንድን ነው?

ለፈዛዛ መደብ ከሁሉ አስተማማኙ መንገድ ፈዛዛነቱን ከነጥብ ሳይሆን ከቀለሙ ማምጣት ነው። ቀለሙ አስቀድሞ በቆርቆሮው ውስጥ በማቅጠኛ ተቀላቅሎ ራሱ ፈዛዛ ሆኖ ይዘጋጅና በሙሉ ወይም በትልቅ ነጥብ ይታተማል። ይህ ተጨማሪ ፕሌትና ተጨማሪ የማሽን ዙር ይጠይቃል። ባለ አምስት ቀለም ማሽን ለሌለው ማተሚያ ቤት ወረቀቱን ሁለተኛ ማስገባት ነው። ወጪ አለው። ነገር ግን ለባንክ ወይም ለኩባንያ በየዓመቱ የሚደጋገም ሥራ ከሆነ ከአንድ ጊዜ ውድመት የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህ የማይቻል ከሆነ ዲዛይነሩ መደቡን ከ5 በመቶ በላይ እንዲያደርገው ማግባባት ይቀላል። እየሳሳ የሚሄድ ቀለምም በገጹ መሀል ዜሮ ከሚሆን ከሚቆረጠው ጠርዝ ውጭ እንዲያልቅ ማድረግ የተቆረጠውን መስመር ይሰውረዋል። ነጭ መሆን ያለበት መደብ ደግሞ በፋይሉ ላይ እውነተኛ ዜሮ እንዲሆን መጽዳት አለበት።

ያገለገለ መሣሪያ ለሚገዙ

ወደ ህትመት ሥራ ገንዘባቸውን ለማስገባት የሚያስቡ ባለሀብቶች ከውጭ ያገለገለ ሲቲፒ ሲቀርብላቸው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ዕድሜውንና ዋጋውን ነው። ከዚያ በላይ የሚናገር ፈተና አለ። ሻጩ በፕሌቱ ሙሉ ስፋት ላይ 1፣ 2፣ 3 እና 5 በመቶ መደቦች የተጻፉበት አንድ ፕሌት እንዲያወጣ ይጠየቅ። መደቡ በመሀሉና በአራቱም ማዕዘን እኩል ነው? በአንድ ወገን መስመር መስመር ይታይበታል? የ2 በመቶዋ ነጥብ ክብ ናት ወይስ የተቦጫጨቀች? ከአንድ ሰዓት በኋላ የወጣው ሁለተኛ ፕሌት ከመጀመሪያው ጋር ይመሳሰላል? መሣሪያው 50 በመቶ ላይ ጤነኛ መስሎ 2 በመቶ ላይ ሕመሙን ይናገራል።

ፕሌት ማጠቢያው ከሌዘሩ ባላነሰ መመርመር አለበት። የሙቀት መቆጣጠሪያው፣ የኬሚካል መሙያው ፓምፕና ብሩሾቹ ይታዩ። ለመሣሪያው የሚስማማው ፕሌት በአገር ውስጥ አስመጪዎች እጅ በቋሚነት መኖሩም ከመግዛት በፊት ይረጋገጥ። ፕሌት የሌለው ሲቲፒ ጎማ እንደሌለው መኪና ነው። የፕሌት መለኪያ መሣሪያም በዋጋው ውስጥ ይካተት። መለኪያ የሌለው ማተሚያ ቤት ኩርባውን የሚሠራው በግምት ነው።

በውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

ሥራ የሚያሠሩ ነጋዴዎችና በመሀል የሚሠሩ ደላሎች ከሚከተሉት አምስት ነጥቦች ቢጠቀሙ ጭቅጭቁ በእጅጉ ይቀንሳል።

1. ማተሚያ ቤቱ በተመረጠው ወረቀት ላይ ሊያትም የሚችለው ትንሹ ነጥብ በቁጥር ይጻፍ። ከዚያ በታች ያለው የደንበኛው ኃላፊነት፣ ከዚያ በላይ ያለው የማተሚያ ቤቱ ኃላፊነት ይሁን።

2. ከሥራው ጋር በእያንዳንዱ ፕሌት ጠርዝ ላይ 1፣ 2፣ 3 እና 5 በመቶ መቆጣጠሪያ ይጻፍ። በሚቆረጠው ጠርዝ ላይ ስለሚሆን ወረቀት አይጨምርም።

3. ማሽን ከመነሳቱ በፊት ፕሌቱ በማጉያ ይታይና ይፈረምበት። የኮምፒዩተር ስክሪን ወይም ከቢሮ ፕሪንተር የወጣ ወረቀት ለፈዛዛ ቀለም ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለቱም የፕሌቱን ነጥብ አያሳዩምና።

4. ከመጀመሪያው፣ ከመካከለኛውና ከመጨረሻው ቅጂ ናሙና ይቀመጥ። ርክክቡ እስኪያልቅ ፕሌቱም አይጣል።

5. አንድ ፕሌት ተበላሽቶ እንደገና ሲሠራ በተመሳሳይ የፕሌት ዓይነትና ማስተካከያ መሠራቱ ይረጋገጥ።

እነዚህን ማሟላት የሚጠይቀው ወጪ አነስተኛ ነው። ባለ አራት ቀለም ሥራ ላይ አንድ ፕሌት ደግሞ መሥራት ቢያስፈልግ የሚባክነው አንድ አሉሚኒየምና ጥቂት ኬሚካል ነው። ስህተቱ ማሽን ከተነሳ በኋላ ሲገኝ ግን የሚባክነው ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ የማሽኑ ሰዓትና የአቅርቦቱ ቀን ነው። ለመስከረም የታዘዘ ካላንደር በጥቅምት ቢታረም ማን ይገዛዋል?

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በህትመት ገበያ ቅጠሉ ያለው ፕሌት ክፍል ውስጥ ነው። የጠፋችው ነጥብ ዕዳ የማን እንደሆነ ከሥራው በኋላ ከመከራከር ይልቅ፣ ነጥቧ ገና ፕሌቱ ላይ ሳለች ማየት ለደንበኛውም፣ ለደላላውም፣ ለማተሚያ ቤቱም ይበጃል።